ሠርቶት የሚረሳ ልጅ፦ የቤት ሥራው ከጠረጴዛ እስከ መምህሩ እጅ እንዲደርስ

ማታ ቁጭ ብሎ የሠራውን የቤት ሥራ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ትቶት የሚሄድ ልጅ ያለው ወላጅ ምን እንደሚሰማው የሚያውቀው በዚህ ያለፈ ሰው ነው። ልጁ አልሠራም ቢባል አንድ ነገር ነው፤ ግን ሠርቷል። ለፍቶበታል። ሆኖም መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ዜሮ ነው፣ ለልጁ የሚተርፈውም «ሰነፍ» የሚል ስም። ይህ ነገር እኛም ቤት ብዙ ጊዜ ከቆየ በኋላ ነው መስመር የያዘው። ከዚህ በታች ያለው በተግባር የሠራው ነው፤ ያልሠራውም ለምን እንዳልሠራ ተጽፏል።

በመጀመሪያ ልጁን ከመውቀስ በፊት አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ከ11 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ልጁ ከአንድ ክፍልና ከአንድ መምህር ወደ ብዙ መምህራን ይሸጋገራል። አንዱ መምህር ገና ክፍል እንደገባ ይሰበስባል፣ ሌላዋ ደወል ሊደወል ሲል፣ ሦስተኛው «ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጡልኝ» ይላል፣ አራተኛው ደግሞ ስም እየጠራ ይቀበላል። ነገሮችን አቅዶና ቅደም ተከተል ሰጥቶ በሰዓቱ መፈጸምን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና በዕድገት ላይ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ብዙ፣ መሣሪያው ገና ያልበሰለ ነው።

ሌላው ወላጅን ግራ የሚያጋባው ደግሞ ይኸው ልጅ አንድ ሙሉ የታሪክ ምዕራፍ በቃሉ ሊወጣው መቻሉ ነው። «ይህን ሁሉ እያስታወሰ አንዲት ወረቀት እንዴት ይረሳል?» ያሰኛል። ነገር ግን ያለፈን ነገር ማስታወስና ወደፊት የሚደረግን ነገር በሰዓቱ ማስታወስ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጊልስ አይንስታይን እና ማርክ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት ይህን ሁለተኛውን ማስታወስ በሁለት ከፍለው አይተውታል፦ አንድ የሚታይ ነገር ሲገጥም የሚደረግ፣ እና ሰዓቱ ሲደርስ የሚደረግ። ለእኛ የሚጠቅመን የመጀመሪያው ነው። ልጁ ባዶ አየር ላይ እንዲያስታውስ ከመጠበቅ ይልቅ ዓይኑ ሥር የሚያስታውሰው ነገር እንዲኖር ማድረግ ይቻላል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሥራው የሚጀምረው የሚበጠስበትን ቦታ በመፈለግ ነው። አንድ የቤት ሥራ መምህሩ እጅ እስኪገባ ስድስት ቦታ ያልፋል፦ ክፍል ውስጥ ይመዘገባል፣ የሚያስፈልገው መጽሐፍና ደብተር ወደ ቤት ይመጣል፣ ይሠራል፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ቦርሳው ከቤት ይወጣል፣ ክፍል ውስጥ ይሰጣል። አብዛኞቻችን «ረሳ» ብለን አንድ ላይ እንጠቀልለዋለን። ለሁለት የትምህርት ሳምንት፣ ማለትም ለ10 ቀን፣ አንድ ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ለጥፉና የጎደለ የቤት ሥራ ባለ ቁጥር ከስድስቱ የትኛው ቦታ ላይ እንደቀረ ብቻ ምልክት አድርጉ። በእነዚህ ቀናት ቁጣም ምክርም አይኑር። ልጁ ምልክቱ ለቅጣት እንደሆነ ከጠረጠረ እውነቱን አይናገርም፣ ወረቀቱም ዋጋ ያጣል። ከልጁ በተጨማሪ መምህራኑንም ጠይቁ፤ «አላመጣም» እና «ቦርሳው ውስጥ እያለ አልሰጠኝም» የሚለውን የሚለዩት እነሱ ናቸው።

ምልክቶቹ ሲታዩ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ይከማቻሉ። ያንን ቦታ ብቻ አስተካክሉ። ስድስቱንም በአንድ ጊዜ ለማስተካከል የሚነሳ ቤት በሳምንቱ ይሰለቻል።

ችግሩ ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ አለመግባቱ ከሆነ መፍትሔው አንድ ክላሰር ነው። አንድ ብቻ። ብዙ ወላጅ ለየትምህርቱ የተለያየ ቀለም ያለው ክላሰር ይገዛል፤ ሲታይ ያምራል፣ ግን ልጁ ወረቀት በያዘ ቁጥር «ይሄ የት ይገባል?» ብሎ እንዲወስን ያስገድደዋል። ውሳኔ ያለበት ቦታ ሁሉ ወረቀት የሚጠፋበት ቦታ ነው። ክላሰሩ ፕላስቲክ፣ ከደብተሮቹ ሁሉ በቀለም የሚለይ፣ ሁለት ኪስ ያለው ይሁን። ቀለበት ያለውን ተዉት፤ ወረቀቱ መበሳት ስላለበት ልጁ «በኋላ እበሳዋለሁ» ብሎ መጽሐፍ መሃል ይከተዋል፣ እዚያው ይቀራል። በግራው ኪስ ላይ በማርከር «የሚሠራ»፣ በቀኙ ላይ «የሚሰጥ» ተብሎ ይጻፍ። ልጁ ራሱ ይጻፈው።

ደብተር ላይ የተሠራ የቤት ሥራ ኪስ ውስጥ ስለማይገባ ክላሰሩን የሚጠቀሙ ልጆች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። የሒሳብ ደብተሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ክላሰሩ ደግሞ ባዶ ስለሆነ «ዛሬ የምሰጠው የለም» ይላል። ለዚህ የኤ4 ወረቀትን አራት ቦታ ቆርጣችሁ ትንንሽ ካርዶች አዘጋጁ። በደብተር የተሠራ ነገር ሲኖር «ሒሳብ፣ ደብተር» ብሎ ጽፎ ካርዱን ቀኝ ኪስ ውስጥ ያስገባል። በዚህ መንገድ ቀኙ ኪስ ሁልጊዜ ነገ የሚሰጠውን ሙሉ ዝርዝር ይይዛል። ፖስተር ወይም ሞዴል ዓይነት ትልቅ ሥራ ሲሆን ካርዱ ጫማው ውስጥ ይግባ፤ ካርዱን ሳያወጣ ጫማውን ማድረግ አይችልም።

ከክላሰሩ ጋር የሚሄደው ደግሞ «ጨረስኩ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በቤት ውስጥ መስማማት ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ሲመለስ የቤት ሥራው አላለቀም። ስምና ቀን ይጻፍበታል፣ ቀኝ ኪስ ይገባል፣ ክላሰሩ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ዚፑ ይዘጋል፣ ቦርሳው በር አጠገብ ይቀመጣል። አለቀ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቴሌቪዥኑም፣ ስልኩም፣ ጨዋታውም ከዚህ በኋላ ይሁን፤ ይህን እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ተራ አቅርቡት። «ከመተኛቴ በፊት አዘጋጃለሁ» የሚለውን አትቀበሉ። እንቅልፍ የተጫነው ልጅ ያን ሰዓት ማሰብ አይችልም፣ ጠዋት ደግሞ ሩጫ ነው። ቦርሳው የሚቀመጥበት ቦታም በዘፈቀደ አይሁን። በሩ ሲከፈት እግር የሚነካው፣ ሳያነሱት መውጣት የማይቻልበት ቦታ ላይ ይሁን።

በኮምፒውተር የሚሠራ ከሆነ ሁለት ተጨማሪ ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ፕሪንተር ነው፤ ጠዋት ላይ ቀለም ያልቃል፣ ወረቀት ይጣበቃል፣ መብራት ይጠፋል። የሚታተም ነገር ማታውኑ ታትሞ ቀኝ ኪስ ይግባ። ሁለተኛው ፋይሉን ማስቀመጥና መላክ አንድ አለመሆናቸው ነው። ልጆች ሠርተው፣ አስቀምጠው፣ ስክሪኑን ዘግተው ይነሳሉ፤ መምህሩ ዘንድ ግን የደረሰ ነገር የለም። ስለዚህ «ተልኳል» የሚለውን መልእክት ዓይኑ እስኪያይ ድረስ ገጹን እንዳይዘጋ አስለምዱት።

አሁን ወላጅ ወደማያየው ቦታ እንሂድ፤ ብዙ ውጤት የሚፈሰው እዚህ ነው። መምህሩ ገብቶ «የቤት ሥራ» ይላል። ልጁ ያን ጊዜ እስክሪብቶ እየፈለገ ነው፣ ወይም ከጎኑ ያለው ጓደኛው ያለፈውን ፔሬድ እያወራለት ነው። ከፊት የጀመረው የወረቀት ክምር ከእጅ ወደ እጅ እያለ በሃያ ሰከንድ ውስጥ ያልፈዋል። ወረቀቱ ቦርሳው ውስጥ፣ እግሩ ሥር ነው። ማታ ቦርሳውን ሲከፍት ያገኘዋል፣ ይደነግጣል፣ ያፍራል፤ ስላፈረም ለማንም አይናገርም፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ታች ይከተዋል። «ቦርሳው ውስጥ ሦስት ሳምንት የቆየ፣ በደንብ የተሠራ ሥራ አገኘሁ» የሚሉ ወላጆች የሚያገኙት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ «ሁለተኛ አልረሳም» የሚል ቃል ኪዳን ዋጋ የለውም። የሚሠራው «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል አጭር ዕቅድ ነው። ይህን መንገድ በስፋት ያጠናው ፒተር ጎልዊትዘር ሲሆን፣ ከፓስካል ሺራን ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምሩ እንዲህ ያለ ዕቅድ ያወጡ ሰዎች ከደፈናው ፍላጎት ይልቅ ያሰቡትን በተሻለ ሁኔታ እንደሚፈጽሙ አግኝተዋል። ለዚህ ልጅ ዕቅዱ እንዲህ ይሁን፦ «ክፍል ገብቼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ፣ ከሁሉ በፊት ክላሰሩን ጠረጴዛ ላይ አወጣለሁ።» መምህሩ እስኪጠይቅ አይጠበቅም፤ የሚያስታውሰው መቀመጡ ራሱ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በራሱ እጅ ጽፎ ክላሰሩ ሽፋን ላይ ይለጥፈው። ከዚያ ቤት ውስጥ በተግባር ይለማመደው፦ ቦርሳ አዝሎ ከበር ይግባ፣ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ክላሰሩን ያውጣ። ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገም። የ13 ዓመት ልጅ «ይሄማ የሕፃን ሥራ ነው» ይላል፤ ቢልም ያድርገው። ጭንቅላቱ የሚያውቀውን እጁ ገና አልለመደውም።

ከመምህራን የሚጠየቅ ነገር አጭርና አንድ ይሁን። ረጅም ደብዳቤ የጻፈ ወላጅ መልስ ሲጠብቅ ይከርማል። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ልጃችን የቤት ሥራውን ሠርቶ ሳይሰጥ እየቀረ ተቸግረናል። ለሚቀጥለው አንድ ወር ወረቀት ሲሰበስቡ እሱ ጋ ሲደርሱ ክላሰሩን ቢያመለክቱት እጅግ እናመሰግናለን።» መምህራን ይህን ካነበባችሁ ደግሞ፣ የቤት ሥራን ደወል እየተደወለ በቃል ከመናገር ይልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ሁልጊዜም በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ መሰብሰብ ለዚህ ዓይነት ልጅ ከማንኛውም ተግሣጽ ይበልጥ ይረዳል።

ብጥሱ ምዝገባው ላይ ከሆነ አጀንዳ ያስፈልጋል፣ ግን በአንድ ደንብ፦ በየቀኑ ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ መስመር፣ የቤት ሥራ ካልተሰጠም «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ክርክር ያስቀራል። መስመሩ ባዶ ሲሆን የቤት ሥራ አልተሰጠም ይሁን ልጁ አልጻፈ ማንም አያውቅም፤ «የለም» ካለ ግን ልጁ ቢያንስ አስቦበታል ማለት ነው። የሚጻፈውም የተሰጠበት ቀን ሳይሆን የሚሰጥበት ቀን ነው። ስልክ በሚፈቀድበት ትምህርት ቤት ሰሌዳውን ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ነገር ግን ፎቶው ከሌሎች መቶ ፎቶዎች ጋር ተደባልቆ ይቀራልና ማታውኑ አጀንዳ ላይ ይገልበጥ። ሊደወልላቸው የሚችሉ የሁለት የክፍል ጓደኞች ስልክ ቁጥርም አጀንዳው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይኑር። የመጽሐፍ መርሳት ከሆነ ችግሩ፣ ልጁ አጀንዳውን ከፍቶ መስመር በመስመር እያየ ቦርሳውን ይሙላ፤ አጀንዳው መጨረሻ ላይ የሚገባ ዕቃ ይሁን።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ከትምህርት ሳምንቱ ማብቂያ ላይ፣ ቦርሳው ሙሉ በሙሉ ይገልበጥ። 15 ደቂቃ ይበቃል። ታርመው የተመለሱ ወረቀቶች ቤት ያለ አንድ ሳጥን ውስጥ ይግቡ፣ የማያስፈልገው ይጣል፣ ያልተሰጠ ነገር ከተገኘ ያለ ቁጣ ወደ ቀኝ ኪስ ይመለስ። የመጀመሪያው ቀን የሚወጣውን ነገር አይታችሁ አትጩሁ። ከጮሃችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ቦርሳው ቀድሞ ተበርብሮ ነው የሚመጣው፤ ማየት የሚገባችሁንም አታዩም።

ወላጆች በጣም የምንደክምበት፣ ግን ነገሩን የሚያባብሰው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ቦርሳውን ራሳችን ማዘጋጀት ነው። ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ሳለ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። ሁለተኛው ጠዋት ከበር ላይ «የቤት ሥራህን ይዘሃል?» ማለት ነው። ይህ ለጊዜው ይሠራል፣ ችግሩም ያ ነው። ልጁ የሚያስታውሰው በእናንተ ድምፅ ይሆናል፤ እናንተ የታመማችሁ ወይም የዘገያችሁ ቀን ምንም አስታዋሽ አይኖረውም። ድምፃችሁን በቦርሳው ቦታ፣ በካርዱና በክላሰሩ ተኩት።

የተረሳውን ወረቀት ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ መሮጥን በተመለከተ ሰው ሁሉ አይስማማም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በአንድ ሴሚስተር አንድ ጊዜ፣ አስቀድሞ በተነገረ ስምምነት። አንድም ጊዜ የለም ማለት በልጅ ላይ ይከብዳል፤ ማንም ሰው አንድ ቀን ይረሳል። በየሳምንቱ መሮጥ ደግሞ ከስድስቱ ቦታዎች አምስተኛውን ለዘለቄታው እናንተ ተሸከማችሁት ማለት ነው። ገንዘብና ትልልቅ ሽልማትም አልመክርም፤ ልጁ ሽልማቱን እየፈለገም ይረሳል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሁለት ነገር አጣ። ይልቅ በትክክል የሠራውን ነገር ስም ጠርታችሁ ንገሩት፦ «ዛሬ ማንም ሳይነግርህ ካርዱን አስገብተሃል።»

እርዳታው እንዴት እንደሚቀነስ ከአሁኑ ይታሰብ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቦርሳ ሲያዘጋጅ አጠገቡ ቁሙ፣ እጃችሁ ግን አይግባ። በሦስተኛውና በአራተኛው ትእዛዝ ይቅርና ጥያቄ ይኑር፦ «ዚፑን ከመዝጋትህ በፊት ምን ቀረ?» እሱ ክላሰሩን ይፈትሽ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ የሳምንቱን ማብቂያ ፍተሻ ብቻ አቆዩ። በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ከጎደለ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እንደ ቅጣት አይቅረብ። በወር ውስጥ ይለምዳል ብላችሁ አትጠብቁ። ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በአዋቂዎች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት፣ አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሲሆን ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰው ታይቷል። ስለዚህ አንድ መጥፎ ማክሰኞ አያስደንግጣችሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተለወጠ፣ ወይም ምልክቶቹ አንድ ትምህርት ላይ ብቻ ከተከማቹ፣ ነገሩ መርሳት ላይሆን ይችላል። በፊዚክስ ብቻ የሚረሳ ልጅ ፊዚክስ አልገባው ይሆናል፤ «ረሳሁት» ማለት «አልቻልኩም» ከማለት ይቀለዋል። ሰሌዳው አይታየው ይሆናል፣ መነጽር ያስፈልገው ይሆናል። ሥራውን ሌላ ልጅ እየነጠቀው ወይም እያስፈራራው ሊሆንም ይችላል። ይህን በምርመራ ዓይነት ሳይሆን ጎን ለጎን እየሄዳችሁ፣ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ጠይቁ፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች እንዲያ ሲሆን በቀላሉ ይናገራሉ።

መርሳቱ የቤት ሥራ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ነገር ከሆነ፣ ማለትም ጃኬት፣ ቁልፍ፣ የተላከበት ጉዳይ ሳይቀር፣ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ የትኩረት ጉድለት ችግርን ለመለየት ከሚያያቸው ምልክቶች መካከል ለሥራ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን ዘወትር መጣልና በዕለት ተዕለት ነገር መዘንጋት ይገኙበታል። ግን እነዚህ ሁለቱ ብቻ አይበቁም፤ ለልጆች ቢያንስ ስድስት ምልክቶች፣ ቢያንስ ለ6 ወር የቆዩ፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ፣ ከአንድ በላይ ቦታ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ መሆን አለባቸው። ለሐኪሙ የ10 ቀኑን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከረጅም ገለጻ ይበልጥ ይጠቅመዋል። እንቅልፉንም አስቀድማችሁ ቁጠሩ፦ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ላለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይመከራል። እንቅልፍ የጎደለው ልጅ የትኩረት ችግር ያለበት ሊመስል ይችላል።

ልጁ በሁለት ቤት እየተመላለሰ የሚያድግ ከሆነ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያና ካርድ በሁለቱም ቤት ይኑር፣ ክላሰሩና አጀንዳው ግን አንድ ብቻ ሆነው ከልጁ ጋር ይዙሩ። ቦርሳው በር አጠገብ የሚቀመጥበት ደንብም በሁለቱ ቤት አንድ ይሁን፤ በሌላው ነገር ባትስማሙም በዚህች ተስማሙ።

ከረጅም እረፍት በኋላ ነገሩ ማገርሸቱ አይቀርም። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ክላሰሩን አራግፉ፣ የተቀደደ ከሆነ ያንኑ ቀለም ገዝታችሁ ተኩ፣ አዲሱን የትምህርት ፕሮግራም ከውስጥ በኩል ለጥፉ፣ አዲስ መምህር ካለም እንዴት እንደሚሰበስብ ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት አይቶ አጀንዳው ላይ ይጻፈው። ከዚያ አንድ ሳምንት ብቻ እንደገና አጠገቡ ቁሙ።